ከምናለሽ ተራ የመጣው ቫዮሊን

ጥቅምት 8

ምናለሽ ተራ የሄድኩት የቁም ሳጥን ማጠፊያ ፍለጋ ነው። የተመለስኩት ቫዮሊን ይዤ ነው። ባለቤቴ በር ላይ አይታኝ ምንም አላለችም። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ዕቃው ከተሰበረ ዣንጥላና ከሬዲዮ አንጀት መሐል ተጋድሞ ነበር። ማስቀመጫ የለው፣ ክር የለው፣ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ድልድይ የለው። ሻጩ አቧራውን በክርኑ ጠረግ አደረገና "አንቲካ ነው ወንድም፣ ውስጡን እየው" አለኝ። በስልኬ መብራት በቀዳዳው አጮለቅኩ። ውስጡ ወረቀት ተለጥፏል። በላቲን ፊደል "አንቶኒየስ ስትራዲቫሪየስ ክሬሞኔንሲስ ፋሲየባት አኖ 17" ይላል፤ የክሬሞናው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ17 ምናምን ሠራው ማለት ነው። ከ17 በኋላ ባዶ ነው። የቀረውን ራስህ ሙላው ዓይነት። ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል "ሜድ ኢን ቼኮዝሎቫኪያ"።

ስትራዲቫሪ ክሬሞና በምትባል የጣሊያን ከተማ ቫዮሊን ሲሠራ ኖሮ በ1737 ነው የሞተው። (የታሪኩን ዘመን ሁሉ በፈረንጅ፣ የራሴን ቀን በእኛ እጽፋለሁ።) ቼኮዝሎቫኪያ የተመሠረተችው በ1918 ነው። ሰውየው ከሞተ ቢያንስ 181 ዓመት ቆይቶ የሠራው ቫዮሊን መሆኑ ነው። ጎበዝ ሽማግሌ።

በኋላ ሳነብ ወረቀቱ ሁሌም ማጭበርበሪያ እንዳልነበረ ገባኝ። የጀርመንና የቦሔሚያ (ኋላ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የገባችው) ፋብሪካዎች "በስትራዲቫሪ ቅርጽ የተሠራ" ለማለት በየቫዮሊኑ ሆድ ይለጥፉት ነበር። ስለዚህ በየአገሩ አያቱ የተወለት ሰው ሁሉ ሚሊየነር የሆነ ይመስለዋል።

4,000 አለኝ። በ1,800 ተስማማን። የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ነው። 14 ዓመቷ ነው። ቫዮሊን ትማራለች፤ የምትማርበት ቦታ ግን አንዱን ቫዮሊን ለአራት ልጅ ነው የሚያካፍለው። እኔ በርና መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ። ሙዚቃ አላውቅም። እንጨት ግን እንጨት ነው ብዬ ነው የገባሁበት።

ጥቅምት 10

ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ መረመርኩት።

ሆዱ 356 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉ መጠን ማለት ነው። ፊቱ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ለስላሳ እንጨት ነው፤ ስፕሩስ ይሉታል። ጀርባውና ጎኑ ሜፕል። ፊቱ ላይ ስንጥቅ የለም። ያን ሳይ ደስ አለኝ።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። በታችኛው ዳር፣ አገጭ የሚያርፍበት ጋ፣ ፊቱ ከጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ተላቋል። ምላጭ ያለ ችግር ይገባል። መቃኛዎቹ ሁለቱ ይሾራሉ፣ ሁለቱ አይነቃነቁም። ደጋኑ ላይ የቀረው የፈረስ ጭራ በጣት ይቆጠራል፤ ሌላውን ብል በልቶታል። ነቅነቅ ሳደርገው ደግሞ ውስጡ የሆነ ነገር ይንከባለላል። እርሳስ የሚያህል ዘንግ። የእህቴ ልጅ በስልክ "ጋሼ፣ እሱ ሳውንድ ፖስት ነው፣ እንዳትጥለው!" አለችኝ።

የተላቀቀው ቦታ መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። ለካ ሆን ተብሎ ነው። ቫዮሊን ሠሪዎች ፊቱን የሚለጥፉት በደካማ ሙጫ ነው። እንጨቱ በድርቀት ሲሸበሸብ ወይ ሙጫው ይለቃል ወይ ፊቱ ይሰነጠቃል። ሙጫው ቢለቅ ይሻላል። እኔ 20 ዓመት ሙሉ እንዳይለቅ ስለጥፍ ነው የኖርኩት። ክረምት ያበጠ እንጨት ጥቅምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን የአዲስ አበባ በር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥቅምት 15

ከእኔ በፊት የነካካው ሰው አለ። ያውም በነጭ ኮላ። እግዜር ይይለት።

ኮላ ለቁም ሳጥን ጥሩ ነው። ለዚህ ግን መርዝ ነው። አንዴ ከደረቀ በውኃ አይሟሟም፤ አዲስ ሙጫም በላዩ አይይዝም። ስለዚህ ፍቆ ማውጣት ነው። አቼቶ ሞቅ አድርጌ፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እየነከርኩ፣ ቫርኒሹን እንዳይነካ በጥንቃቄ፣ ኮላው እንደ ማስቲካ ሲለሰልስ በቀጭን ቢላዋ እየሳብኩ አወጣሁት። ለ11 ሴንቲ ሜትር አራት ሰዓት ፈጀ። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።

ትክክለኛው የቆዳ ሙጫ ነው። ሠፈር ውስጥ ማግኘት አልቻልኩም። የሱፐርማርኬት ጄላቲን ያው ነገር መሆኑን አነበብኩ፤ ቀለምና ጣዕም የሌለበትን ገዛሁ። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ። ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። እኛ ጋ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከፍታችን ትንሽ ይምርሃል፤ ግን ተማምነህ ዘወር አትልም።

ጥቅምት 17

ሞርሳዎቼ ሁሉ የበር ናቸው። ይህን ቢነክሱት ይሰብሩታል። የመጥረጊያ እንጨት ቆራርጬ፣ መሐሉን በስቼ፣ ረጅም ቡሎንና ዳዶ አስገባሁበት። ከእንጨቱ ሥር ከአሮጌ ጫማ የቆረጥኩት ቆዳ ተለጠፈ። 14 ትንንሽ ሞርሳ ሆነ። ከቫዮሊኑ በላይ በእነሱ ኮራሁ።

ጥቅምት 18

ተለጠፈ። ጄላቲን ጊዜ አይሰጥም። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው ያለህ፤ ከዚያ ይረጋል። ሞርሳዎቹን በተርታ ደርድሬ፣ እንጨቱን በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ፣ ሙጫውን በቀጭን ቢላዋ ወደ ውስጥ ገፍቼ አሰርኩት። ላቤ እየተንጠባጠበ። ባለቤቴ ማድረቂያዋን ስትፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ሙሉ መጠበቅ ነው። ማታ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ሁላችንም የምናውቃት በፒያኖ ነው። ቫዮሊኗን ግን ማን ያስታውሳል?

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናት። በ1923 ተወለደች፤ በስድስት ዓመቷ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ቫዮሊንም ፒያኖም እዚያ ጀመረች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊኒስት ተማረች። በቀን አራት ሰዓት ፒያኖ፣ አምስት ሰዓት ቫዮሊን። ቫዮሊኑ ይበልጣል! የካይሮ ሙቀት አልስማማ ብሏት ተመለሰች። መምህሯም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃን መራ። ወደ እንግሊዝ ሄዳ የመማር ዕድሉ ሲዘጋባት ግሸን ማርያም ወጣች፤ መነኮሰች። በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ኖራ በ2023 በ99 ዓመቷ ዐረፈች።

ሙዚቃዋን ዛሬ በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ቀኝ እጇ ዜማውን ሲጎትተው፣ ሲያንገዋልለው፣ ፒያኖ እንደዚያ አይጎተትም። መዶሻ ነው የሚመታው፤ ከመታ በኋላ ድምፁ መሞት ብቻ ነው። እሷ ግን እንደ ደጋን ታስረዝመዋለች። ይህ የአናጺ ግምት ነው። ግን አምስት ሰዓት ከአራት ይበልጣል።

ጥቅምት 23

ሙጫው ያዘ። ጣቴን አጥፌ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረግኩት፤ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

መቃኛዎቹን በሳሙናና በጠመኔ አከምኳቸው። የማይነቃነቀው ላይ ሳሙና፣ የሚሾረው ላይ ጠመኔ። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ የለውም።

ጥቅምት 29

ዛሬ ሰው መሆኔን ጠላሁ።

የሚንከባለለው ዘንግ ሥራው ቀላል ይመስላል። በፊትና በጀርባ መሐል ይቆማል። አይለጠፍም፤ በመሐላቸው ተጨንቆ ነው የሚቆመው፣ የክሮቹ ጫና ደግሞ ያጠብቀዋል። ቦታው ከቀጭኑ ክር በኩል ካለው የድልድዩ እግር ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ነው። በወፍራሙ ክር በኩል ደግሞ ከፊቱ ሥር ርዝመቱን ተከትሎ የተለጠፈ እንጨት አለ። ስለዚህ የድልድዩ አንድ እግር ቆሞ ሌላው ይደንሳል። ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ጣሊያኖች ይህን ዘንግ አኒማ፣ ፈረንሳዮች አም ይሉታል። ሁለቱም ነፍስ ማለት ነው።

የእኔ ነፍስ አጭር ሆነች። ጫፎቿን የሆነ ሰው ሞርዶ ጨርሷቸዋል። አዲስ መሥራት አለብኝ፤ ስፕሩስ ደግሞ ጣውላ ተራ አይሸጥም። ጽድ ሞከርኩ፤ ይከብዳል። ከዚያ አንድ ወዳጄ ወርክሾፕ ጥግ የተበታተነ ፒያኖ እንዳለ ትዝ አለኝ። የፒያኖ የድምፅ ሰሌዳ ስፕሩስ ነው! አንድ ስንዝር ቁራጭ ለመንኩት። ከእሷ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ላግኩ። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ መስመር ጋር መስቀልያ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጫፉ ፊቱን እየጨቆነ ይቀርጸዋል።

ማስገቢያ መሣሪያው እንደ ኤስ የታጠፈ ሹል ብረት ነው። ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ሠራሁት። ዘንጉን ጎኑን ወግተህ፣ በቀዳዳው አስገብተህ፣ በጨለማ ታቆመዋለህ። በአንዱ ቀዳዳ መብራት፣ በሌላው መስታወት። አንዴ ወደቀ። ሁለቴ ወደቀ። አምስተኛው ላይ ቆሞልኝ ሽቦውን ሳወጣ ይዞት ወጣ። ዘጠነኛው ላይ ጫፉ ለሆዱ ጎባጣ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ፤ አውጥቼ በምላጭ ትንሽ ሰያፍ ሰጠሁት። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ።

አልተነፈስኩም። ሽቦውን ቀስ አድርጌ አወጣሁ። ቫዮሊኑን በሁለት እጄ አንስቼ ወደ ጎን አዘነበልኩ። አልተንከባለለም።

ኅዳር 4

ድልድይ የለኝም። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ስትመጣ ይዛ ትመጣለች፤ እስከዚያ ግን መታገሥ አልቻልኩም። ከወይራ ቀረጽኩ። ወይራ የማይሆንለት ነገር አለ? በትር ይሆናል፣ ጭስ ይሆናል፣ የመጥረቢያ እጀታ ይሆናል። ፒያሳ ርካሽ የብረት ክር ገዝቼ ወጠርኩበት።

ድምፁ አፉን በጋቢ እንደሸፈነ ሰው ነው። ይናገራል፤ አይሰማም።

ወርቅ ሠሪው ጎረቤቴ ሚዛን ላይ አስመዘንኩት፤ 3.6 ግራም። የሜፕሉ ተቀርጾ ሲያልቅ ሁለት ግራም ከትንሽ ነው። ለዚህች ትንሽ ልዩነት! ቫዮሊን ተጫዋቾች ድምፅ ለማፈን ሆን ብለው ድልድዩ ላይ የሚሰኩት ዕቃ አለ፤ ሥራው ክብደት መጨመር ነው። እኔ ማፈኛ ነው የሠራሁት። ወይራ ለዚህ አይሆንም።

ኅዳር 7

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ቤትሆቨን ለቫዮሊንና ለፒያኖ የጻፈውን የክሮይትዘር ሶናታ ታሪክ መናገር አለባት። አብረን አነበብን። ከቫዮሊኔ ወረቀት ጋር ወንድማማች ሆኖ አገኘሁት።

ሶናታው መጀመሪያ የተጻፈው ለጆርጅ ብሪጅታወር ነው። በ1778 የተወለደ፣ እናቱ አውሮፓዊት፣ አባቱ ጥቁር። አባቱ ለንደን ውስጥ "የሐበሻው ልዑል" ይባል ነበር ይላሉ የድሮ ጸሐፊዎች። ሐበሻ ግን አልነበረም፤ በብዛት የሚነገረው ከባርቤዶስ መምጣቱ ነው። ያኔም ስማችን ገበያ ነበረው። ግንቦት 24 ቀን 1803 ቪየና ላይ ቤትሆቨን ፒያኖ፣ ብሪጅታወር ቫዮሊን ይዘው ተጫወቱት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ብሪጅታወር የሁለተኛውን ክፍል የተወሰነ በቤትሆቨን ትከሻ ላይ አሻግሮ እያነበበ ነው የተጫወተው። ከዚያ ተጣሉ። በሴት ምክንያት ነው ይባላል። ቤትሆቨን ስሙን ሰርዞ ለፈረንሳዊው ቫዮሊኒስት ሮዶልፍ ክሮይትዘር አበረከተው። ክሮይትዘር ሙዚቃውን አልወደደውም፤ በአደባባይ አንድም ቀን አልተጫወተውም።

"ታዲያ ለምን ክሮይትዘር ይባላል?" አለችኝ።

"የኔስ ቫዮሊን ለምን ስትራዲቫሪየስ ይባላል?" አልኳት።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን። ሠፈሩ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል፤ ቫርኒሽ የተነካካበትን ቦታ ላድስ ነበር፣ ተውኩት። ጭሱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ በ1918 የገባው ወረርሽኝ። ቼኮዝሎቫኪያም የተመሠረተችው በዚያው ሰሞን ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ። አንዳንዴ ነገር እንዲህ ይገጥማል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አባባ መጡ። በጉልምስናቸው በየሠርጉ ማሲንቆ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንበር ላይ ተቀመጡና ቫዮሊኑን ተቀበሉኝ። ወደ አገጫቸው አልወሰዱትም። ጉልበታቸው ላይ አቆሙት። የእህቴ ልጅ ልትስቅ ነበር፤ ቆነጠጥኳት። ደቡብ ሕንድ ውስጥ እኮ መሬት ቁጭ ብለው፣ የቫዮሊኑን ጭንቅላት እግራቸው ላይ አሳርፈው ነው የሚጫወቱት። አንድ ባሉስዋሚ ዲክሺታር የሚባል ሙዚቀኛ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ የአውሮፓውን ቫዮሊን ለአገሩ ሙዚቃ አስገባ። አገጭ ሥር ያዙት ያለው የለም። እግር ላይ ሲያርፍ እጅ ነጻ ስለሚሆን ጣት ከታች እስከ ላይ እንደልቡ ይንሸራተታል።

"አራት ክር ለምን አስፈለገ?" አሉኝ አባባ።

"እንጃ አባባ፣ ሲሠራ ነው እንጂ።"

"እኛ በአንዷ ስንቱን አስለቅሰናል።"

ስለ ጣሊያናዊው ቫዮሊኒስት ፓጋኒኒ ነገርኳቸው። የሮሲኒን የሙሴን ጸሎት ዜማ ወስዶ፣ በአንዲት የጂ ክር፣ በወፍራሟ ብቻ ተጫወተው። ሰዉ ሰይጣን አለበት እስኪል ድረስ። በ1840 ኒስ ላይ ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ቀብር ከለከለችው፤ ሬሳው ለብዙ ዓመት ማረፊያ አጥቶ ተንከራተተ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዝማሪ ነዋ" አሉ።

ከዚያ ሄደው ነጭ የፈረስ ጭራ ይዘው መጡ። ለማሲንቋቸው ያስቀመጡት ነው። የማሲንቆ ክሩም ደጋኑም ከዚሁ ነው። አብረን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብነው፣ በማበጠሪያ አበጠርነው፣ የተሰባበረውን ለቀምን። ለአንድ ደጋን 160 ያህል ፀጉር። ጫፉን በሰም ክር ጠምጥመን፣ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ቀርጬ አሰርነው። የእሳቸው ቋጠሮ ከእኔ ይበልጣል። ጥርሳቸው ሁለት ቀርቷል፤ በሁለቱ ነው ክሩን ያጠበቁት።

ኅዳር 20

ዕቃው መጣ። ያልተቀረጸ የሜፕል ድልድይ፣ አራት ክር፣ ደጋኑ ክሩን እንዲይዝ ጭራው ላይ የሚቀባ ሙጫ።

የድልድዩን እግር ከሆዱ ጎባጣ ጋር ማጋጠም ዋናው ሥራ ነው። ፊቱ ላይ ጠመኔ ቀባሁ፣ ድልድዩን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ጠመኔ የነካውን ብቻ በቢላዋ ላግኩ። እንደገና። 30 ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። መጨረሻ ላይ እግሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ተነሣ። ከዚያ ጫፉን 1.3 ሚሊ ሜትር ድረስ አሳሳሁ። በጣት ማረፊያው ጫፍ ላይ ቀጭኗ ክር 3.5፣ ወፍራሟ 5.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው ያልፋሉ። ቦታው ኤፍ ፊደል በሚመስሉት ቀዳዳዎች የውስጥ ጭረቶች ትይዩ ነው። በገና ደርዳሪዎች ይህን ድልድይ በርኩማ ይሉታል። ቃሉ ደስ ስለሚለኝ ከዛሬ ጀምሮ በርኩማ ነው የምለው።

ደጋኑን ሳብኩት። መጫወት አልችልም፤ ሳብኩት ብቻ። መስኮቱ መልሶ ጮኸ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ይሄ ያ ነው?" አለች።

ኅዳር 21

ጉድ ሠራሁ።

የፒያሳዎቹን ክሮች አውጥቼ አዲሶቹን ልወጥር ብዬ አራቱንም በአንዴ ፈታሁ። ጫናው ሲጠፋ በርኩማው ወደቀ። ቀጥሎ ከውስጥ "ኳ" የሚል ድምፅ። ነፍስ ወጣች።

ክር አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ብቻ ነው። አሁን አውቃለሁ። ዘንጉን ለመመለስ በአሥራ አንድ ፋንታ አራት ጊዜ ብቻ ፈጀብኝ፤ እሱም ዕድገት ነው።

ኅዳር 28

አሁን ለራሴ ያመጣሁት ጣጣ። ቫዮሊን የሚቃኘው ከወፍራሟ ክር እስከ ቀጭኗ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ በሚባሉ ድምፆች ነው። አባባ "ለትዝታ አይመችም፣ ለውጠው" ብለውኛል። እኔም ሳነብ መቃኛ መለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። ግብፆች ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ዲ ያደርጉታል። የሙዚቃ ደራሲው ባርቶክ "ኮንትራስትስ" በሚለው ሥራው ሦስተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ሆን ብሎ የተዛባ ሁለተኛ ቫዮሊን ያስይዛል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ቢበር ነው። ሃይንሪክ ቢበር፣ ከ1644 እስከ 1704 የኖረ፣ ሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ቤት ያገለገለ። በእመቤታችንና በጌታ ሕይወት ላይ 15 ሶናታ ጻፈ። ከመጀመሪያው በቀር እያንዳንዱ የራሱ ቅኝት አለው። የሐዘኑ ሌላ፣ የደስታው ሌላ። የትንሣኤው ላይ ሲደርስ መሐለኛዎቹን ሁለት ክሮች ቦታ ያለዋውጣቸዋል። ክሮቹ ከበርኩማው በታችና ከመቃኛው ጋ ይቋረጣሉ፤ መስቀል ይሠራሉ። ሰሚው አያየውም። ተጫዋቹ ብቻ ነው የሚያየው።

ሞከርኩት። ክሮቹን አቋረጥኩ። በእውነት መስቀል ነው። አምፖሉ ሥር ይዤ ቆይቼ አየሁት።

ከዚያ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ዲ አድርጌ ለአባባ ወሰድኩ። ኢዋን ወደ ዲ ዝቅ፣ ኤዋን ወደ ጂ ዝቅ። ደጋኑን ሲገዘግዙት ሁለቱ ክሮች አብረው ያንጎራጉራሉ። "አሁን ነው!" አሉ። ግን ጣታቸው ተቸገረ። ማሲንቆ ላይ ክሩን ወደ እንጨቱ አይጫኑትም፤ በጎን ነካ ነው የሚያደርጉት። እዚህ ሥሩ ጥቁር እንጨት አለ። "ይሄ ወለል ምን ያደርጋል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 6

የእህቴ ልጅ ልትወስደው መጣች። ቅኝቱን ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ።

"ጋሼ፣ ምን አድርገኸው ነው?"

"ለትዝታ እንዲመች።"

ምንም ሳትል ኤዋንና ኢዋን መልሳ ወጠረች። አራቱን ክሮች ባዶአቸውን አንድ በአንድ ሳበቻቸው። ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። ከዚያ ከጂ ተነሥታ ትዝታን ወጣች፤ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። አምስት ድምፅ። "አራቱም ባዶ ክሮች ትዝታው ውስጥ አሉ እኮ። የጎደለው ቢ ብቻ ነው። እሱን በጣቴ እይዘዋለሁ። አንተ ምኑን ነው የለወጥከው?"

ሁለት ሳምንት መቃኛ ሳሾር። ከዚያው አምስት ድምፅ ከኢ ብትነሺስ አልኳት፤ ባቲ ሆነ። አንቺ ሆዬ ላይ ግን አልሠራም፤ እዚያ ባዶ ክሮቹ ይጣላሉ። ያቺን ታህል አጽናናችኝ።

አባባ በር ላይ ቆመው ነበር። እሷ ስትጨርስ "ሦስተኛዋን ዝቅ አድርጊያት" አሏት። ቢዋን ማለታቸው ነው።

"አባባ፣ ዝቅ ካለች እኮ ትሳሳታለች። አስተማሪዬ..."

"ትንሽ። እንዲህ" አሉና በአፋቸው አዜሙላት። በፒያኖው ቢ እና ከሥሩ ባለው ጥቁር ቁልፍ መሐል የሆነች ቦታ ናት። የትኛውም ቁልፍ ላይ የለችም። ልጅቷ ጣቷን በጥፍር ያህል ወደ ኋላ ሳበች። አሳለፈቻት። መለሰች። አገኘቻት።

ያን ጊዜ ቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው አሸናፊ ከበደ ትዝ አለኝ። የእረኛውን የዋሽንት ድምፅ ለኦርኬስትራ ሲጽፍ፣ ወረቀቱ ላይ ይህችን ዓይነት ቦታ በምን ምልክት አስቀመጣት ይሆን? አባባን ብጠይቃቸው "አይጻፍም" ነው የሚሉኝ።

ማስቀመጫ ሳጥን ስላልገዛሁ በነጠላ ጠቅልላ፣ በላዩ ፌስታል አልብሳ ታክሲ ገባች። ወያላው "ሕፃን ነው እንዴ?" ሲላት ሰማሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ደወለች። የኤ መቃኛው ሾሯል። ጠመኔ አልኳት። ጠመኔ የለንም አለች። ነገ ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ሥር የወደቀውን አንሺ አልኳት።